ጉልቻ፣ መዝጊያ እና የቅቤ ቅል

በአንድ ወቅት፣ ውኃ ደጅ ሳይጠና ሰተት ብሎ ቤት በገባበት ክረምት፣ ከወንዝ ዳር ባለ ጥቁር ሜዳ ላይ ደብሬ የምትባል ነፍሰ ጡር ሴት ትኖር ነበር። ሜዳው ጭቃ እንጂ ድንጋይ አያውቅም። እዚያ አገር ውሻ ሊያባርር የፈለገ ሰው የሚወረውረውን ሲፈልግ ውሻው የመጣበትን ጨርሶ ይሄዳል። ዛፍም ቢሆን በዓይን የሚፈለግ ነው። የሚበቅለው ጤፍ፣ ጓያ፣ ሽምብራና ወሬ ነው፤ ወሬው ክረምት ከበጋ አይልም።

ወንዙ በየዓመቱ ሞልቶ እስከ ማሳው ጫፍ ብቅ ይልና ይመለስ ነበር። ያን ዓመት መመለሱን ረሳው። በፍልሰታ ጾም መካከል አንድ ጠዋት ደብሬ ከመደቡ ልትወርድ እግሯን ብትዘረጋ ውኃው ቁርጭምጭሚቷን ሸፈነው።

«ፈንታ ተነሥ» አለች ባሏን። «ወንዙ ሊጠይቀን መጥቷል።»

ከብቶቹን የመንደሩ ጎልማሶች ዋዜማውን ወደ ደጋ ነድተዋቸው ነበር። ሰዉን ደግሞ ባዬ የሚባል ታንኳ ቀዛፊ ከንጋት ጀምሮ ወደ ማዶው መንደር ሲያመላልስ ቆይቶ፣ በታችኛው ሰፈር የቀሩት ደብሬና ፈንታ፣ ከነሱም ጋር ሦስት ሴቶች ብቻ ነበሩ። ባዬ ታንኳውን ደብሬ ደጅ አስጠግቶ ጮኸ።

«ለአንድ ሰው አንድ ዕቃ! ጭን ላይ የሚቀመጥ! ታንኳዬ ደንገል ናት፤ መርከብ አይደለችም!»

ፈንታ ፈጥኖ ሞፈሩን ከነቀንበሩ ተሸክሞ ብቅ አለ። ባዬ ሞፈሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየውና «ይኼ ጭንህ ላይ ይቀመጣል? ወይስ አንተ ነህ የእሱ ጭን ላይ የምትቀመጠው?» አለው። ደብሬም ሆዷን ደግፋ ከበሩ ላይ «አንተ ሰው፣ ልወልድ ነው የደረስኩት፤ በሞፈር ገንፎ ታገነፋልኛለህ?» አለችው። ፈንታ ሞፈሩን ጣለና ድስቱን ይዞ ወጣ፤ ድስቱ ውስጥ ለአራስነቷ ያስፈጨችው የገብስ ዱቄት ነበረበት። እሷ ራሷ ምንም አልያዘችም። የምትይዘው አስቀድሞ ሆዷ ውስጥ ተሳፍሯል።

እስኪ እናንተም አስቡት። ዕድሜ ልካችሁን ያጠራቀማችሁት ቤት ውስጥ ቆማችሁ፣ ውኃው ጉልበታችሁ እየደረሰ፣ አንድ ነገር ብቻ አንሡ ብትባሉ እጃችሁ ወዴት ይሄዳል? ብዙ ሰው እጁ ወደዚህም ወደዚያም ይልና ባዶውን ይወጣል። ሦስቱ ሴቶች ግን አላመነቱም። አለማመንታታቸው ነው ጣጣውን ያመጣው።

የመጀመሪያዋ አንጓች ናት። ከሜዳው የታችኛው ጫፍ በሙሽርነት የመጣች ወጣት ናት፤ ባሏ ከከብቶቹ ጋር ሄዷል፣ ልጅ እግዜር ገና አልሰጣትም። የዓመት በዓል ቀሚሷ ያለበትን ሳጥን አልፋ ምድጃዋ ፊት ተንበረከከች፤ ሦስቱን ጉልቻዎች ከጭቃቸው ፈልቅቃ በቁርበት ጠቀለለቻቸው። እነዚያን ድንጋዮች እናቷ ለሠርጓ ብላ ከሩቅ አገር በአህያ አስጭና ያመጣችላት ናቸው። «ቀሚስ ይፈተላል፣ እህል ይዘራል» አለች ለባዬ። «ድንጋይ ግን ማን ዘርቶ አብቅሎት ያውቃል?»

ሁለተኛዋ የሽመቤት ናት። ባሏ የሞተባት፣ ወንዶች ልጆቿ ከከብቶቹ ጋር የሄዱባት፣ እጀ ብርቱ፣ አፈ ብርቱ ሴት ናት። እሷና ደብሬ ከተኳረፉ ሁለት ክረምት ሆኗቸዋል። ምክንያቱ ቦይ ነው። አንዷ «የግቢሽ ውኃ ወደ ግቢዬ ገባ» ትላለች፤ ሌላዋ «ያንቺ ነው የኔን ያጠበው» ትላለች፤ ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ተቀምጦ ሁለት ጊዜ ጠላ ጠጥቶ ተነሥቷል። አሁን ወንዙ መጥቶ ሁለቱንም ግቢ አንድ ስላደረገው የሚካሰሱበት ቦይ እንኳ አልቀረላቸውም። የሽመቤት የቤቷን መዝጊያ ከመቃኑ አውልቃ በራሷ ተሸክማ መጣች። የወፍራም ዋንዛ ሁለት ሳንቃ ነው፤ ባሏ በእጁ ጠርቦ የገጠመው።

«ሴትዮ፣ ጭን ላይ የሚቀመጥ ነው ያልኩት!» አለ ባዬ።

«እኔ እሱ ላይ እቀመጣለሁ» አለች። «ግድግዳ ጭቃ ነው፤ ጣሪያ ሣር ነው። ጭቃና ሣር ጎርፉ ራሱ ትቶልን ይሄዳል። ዋንዛ ግን አይተውም፤ የጠረበውም ሰው አይመለስም።» መዝጊያውን ታንኳው ላይ አጋደመችውና ተቀመጠችበት። ከዚያ ወደ ፈንታ ዞር ብላ «ለዚያች ሴት ንገራት፤ ሳንቃው ላይ ትቀመጥ፤ ደንገሉ እርጥብ ነው» አለች። ደብሬ እዚያው በክንድ ርቀት ላይ ነበረች። «እሺ ብላታለች በላት» አለች እሷም ለባሏ፤ ተቀመጠችም።

ሦስተኛዋ ትርንጎ ናት፤ የደብሬ አክስት። ዕድሜዋ የገፋ፣ ብቻዋን የምትኖር፣ መብል የምትወድ ሴት ናት፤ መውደዷንም ደብቃ አታውቅም። የቅቤ ቅሏን እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ አቅፋ መጣች። ልብ በሉ፤ ጊዜው ጾም ነው። ሰው ለሽሮ እንኳ ዘይት በጠብታ በሚቆጥብበት ሰሞን ትርንጎ ከቤቷ ሁሉ መርጣ ቅቤ ይዛ ተሰደደች።

«እትዬ ትርንጎ፣ ጎርፉ እስኪፈታ ነው የምንሸሸው ወይስ ጾሙ እስኪፈታ?» አላት ባዬ። ሁሉም ሳቁ። ትርንጎ አፏን ሞልታ መመለስ የምትችል ሴት ነበረች፤ ግን ዝም አለች፤ ቅሏንም ወደ ደረቷ ጠበቅ አደረገች።

ተነሡ። ጥቂት እንደሄዱ ዝናቡ በረታ፣ ነፋሱም ታንኳውን ወደ ጎን ገፋው። ደብሬ ምጧ የጀመራት እዚያ ውኃ መሃል ነው። ለማንም አልተናገረችም፤ የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች። ታንኳው ላይ የሚሆን ነገር የለም፤ ብትጮህ ባዬ መቅዘፊያውን ይጥላል፤ ፈንታም ወደ ውኃው ዘሎ ይገባል፤ ዋና ደግሞ አያውቅም። ትርንጎ ብቻ ፊቷን አየት አድርጋ ወደ ሌላ ዞረች።

ውኃው የታንኳውን ከንፈር ማለፍ ሲጀምር ባዬ ጮኸ። «ከብዶናል! አንድ ነገር ይውረድ! ድንጋዩ ይውረድ!»

«ድንጋዩ ከሚወርድ እኔ እወርዳለሁ» አለች አንጓች።

ቀልድ መስሏቸው ነበር። እሷ ግን ጉልቻዎቹን ከነቁርበታቸው መቀመጫዋ ላይ ደላድላ፣ ቀሚሷን ሰብስባ ውኃው ውስጥ ገባች፤ የታንኳውን ጭራ ይዛም እስከ አንገቷ ጠልቃ ተጎተተች። ታንኳው ቀለል አለው። ባዬ ወደ ኋላ ዞሮ አይቶ «ስቀዝፍ ነው ያረጀሁት» አለ፤ «ድንጋይ ተሳፍሮ ሰው ሲዋኝ ያየሁት ግን ዛሬ ነው።» ደብሬ ምጥ ይዟት እንኳ ሳቋ አመለጣት።

ማዶው መንደር እንደማይደርሱ ሲያውቅ ባዬ ታንኳውን ወደ ቅርቡ አምባ አዞረው። አምባው ጫፍ ላይ በዛፍ የተከበበ ደብር አለ። ከሜዳው ሲታይ አረንጓዴ ጉብታ ነው፤ ከነሱ መካከል የወጣበት ሰው አልነበረም። አንጓች ውኃዋን እያንጠፈጠፈች፣ ጉልቻዋን ታቅፋ፣ እያቃሰተች ዳገቱን ወጣችና ቀና ብትል ዙሪያው ድንጋይ ነው። ትልቅ ድንጋይ፣ ትንሽ ድንጋይ፣ ክብ ድንጋይ፣ ሹል ድንጋይ፤ ሣሩ ራሱ በድንጋይ መሃል እያሳበረ ነው የበቀለው። ሁሉም ድንጋዩን አዩ፤ ከዚያ አንጓችን አዩ፤ ከዚያ የሳቃቸው ነገር አይነሣ። «እሰይ፣ ዘመዶቹ ጋ አደረስሻቸው!» አላት ባዬ።

አንጓች አልሳቀችም። «የሰው አገር ድንጋይ ድስቴን አያውቀውም» ብላ ጉልቻዋ ላይ ተቀመጠች። ይህን ያለችው ዐውቃ ሳይሆን አፍራ ነው፤ ግን አንዳንዴ ሰው አፍሮ የተናገረው ይይዛል።

ደብሬ አብራ ስትስቅ ሳቋ መሃል ላይ ተቆረጠና ጮኸች። ያን ጊዜ ሁሉም ነገሩን ዐወቁ።

ዝናቡ ይወርዳል። ወላድ ሴት ቅጽሩን አልፋ አትገባም፤ የደብሩ ዘበኛ ጎጆም በቅጽሩ ውስጥ ነው። ለሱባኤ ወጥተው ውኃው መመለሻ ያሳጣቸው መምሬ ጥበቡ ከአጥሩ ወዲያ ሆነው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይጸልያሉ። የሽመቤት ማንንም አላማከረችም፤ መዝጊያዋን ሁለት ቋጥኝ ላይ አጋድማ ጣሪያ አደረገችውና «ለሚስትህ ንገራት፤ ከሥሩ ትግባ» አለችው ፈንታን። ከዚያ ፈንታን አባረረችው። ከኋላ ሆና ደብሬን ያቀፈቻት የሽመቤት ናት፤ እጇን የያዘቻት አንጓች ናት፤ እትብቱን የቆረጠችው ትርንጎ ናት። ቀኑ ሳይመሽ ሴት ልጅ ተወለደች። ሦስቱም እልል አሉ። መምሬ ጥበቡ ከአጥሩ ወዲያ «ምን ተወለደ?» ብለው ጠየቁ፤ «ሴት!» ሲሏቸው «እንግዲያስ ኖኅም ሴት ልጅ ቢኖረው ኖሮ መርከቡ ውስጥ ዝም የሚል አይኖርም ነበር» አሉ።

እልልታው ሲያልቅ ግን ደብሬ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ጥርሷ ይንገጫገጫል፤ ከንፈሯ ነጣ። የሕፃኗም ጣቶች ቀዘቀዙ። ትርንጎ የደብሬን እግር ዳሰሰችና ለሁለቱ ሴቶች ዝቅ ባለ ድምፅ «ትኩስ ነገር አሁን ካልገባላት...» አለች፤ ቀሪውን አልጨረሰችውም። ደብሬ ሰምታታለች። ለራሷ አልነበረም የፈራችው፤ ደረቷ ላይ ያለችውን ትንሽ ትንፋሽ ማን እንደሚያሞቃት ነበር ያሰበችው።

ዘበኛው በገል ፍም አመጣ። ፍም ብቻውን ምን ያደርጋል? ኅብስት ለሚጋገርበት ቤተ ልሔም የተቀመጠው እንጨት ጣሪያው አፍስሶበት በስብሷል፤ የደብሩን ዛፍ መቁረጥ የተከለከለ ነው፤ ቢቆረጥም ያው ውኃ ነው። ፈንታ ጭራሮ ለቅሞ አርከፈከፈበት፤ ጢስ እንጂ እሳት አልወጣውም። ያን ጊዜ የሽመቤት የዘበኛውን መጥረቢያ ተቀበለችና መዝጊያዋን ከሁለት ከፈለችው። አንዱን ሳንቃ ደብሬ ራስ ላይ ተወችው። ሌላውን ትፈልጠው ጀመር።

ደብሬ ከተኛችበት ሆና አየቻት። መዝጊያው የሴትዮዋ ባል የጠረበው ነው። እሷን ባየች ቁጥር ቦዩ ዳር ላይ ወገቧን ይዛ የምትጮህባት ሴት፣ ዝናብ ፊቷ ላይ እየወረደ፣ የሟች ባሏን እጅ ሥራ እየፈለጠች ነው። የሽመቤት ቀና ብላ አላየቻትም። «ለሚስትህ ንገራት» አለችው ፈንታን፤ «እንዲህ ዓይኗን አታፍጥ፤ እንጨት ነው።»

ዋንዛው ያዘ። ፈንታ ከአምባው ላይ ሦስት ያማሩ ድንጋዮች መርጦ ጎለተ፤ ዱቄቱን ከሳንቃው ሥር በቅጠል ላይ ገልብጦ ድስቱን ውኃ ሞልቶ ጣደው። ሁሉም እጃቸውን ዘርግተው ሊሞቁ ሲሉ ባም! አለ። ክረምቱን ሙሉ ውኃ ሲጠጣ የከረመ ድንጋይ እሳት ሲነካው ፈነዳ። ድስቱ ተደፋ፤ ውኃው እሳቱን አጠፋው፤ ደግነቱ ድስቱ አልተሰበረም። ከተፈለጠው ሳንቃ ግማሹ እንዲሁ ከንቱ ቀረ። የቀረው ግማሽ ለአንድ ጊዜ ብቻ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ያለው እንጨት ደብሬ ራስ ላይ ያለው ነው።

ፈንታ ሌላ ድንጋይ ሊያመጣ ተነሣ።

«ሳቃችሁን ከጨረሳችሁ» አለች አንጓች፣ «ዞር በሉልኝ።» ቁርበቱን ፈታችው። እሷ ራሷ ከራስ እስከ እግሯ ውኃ ሆና ጉልቻዎቿ ደረቅ ነበሩ፤ የእሳት ጥቀርሻቸው እንኳ አልለቀቀም። ጎለተቻቸው። ፍሙን ቆሰቆሱት፤ የቀረውን ዋንዛ አነደዱት፤ ድስቱን ጣዱት። ሁሉም ወደ ኋላ ሸሸት ብለው ጠበቁ። ጉልቻዎቹ ያልለመዱት ነገር አልገጠማቸውም፤ ዝም ብለው ተሸከሙ። ውኃው ፈላ፤ ገንፎው ተገነፋ።

ገንፎው በቅጠል ቀርቦ ደብሬ አንዴ ብትቀምሰው አልወርድ አላት። ጉሮሮዋ ደርቋል፤ ገብሱም ደረቅ ነው። ያን ጊዜ ትርንጎ ቅሏን አመጣች።

«አባ፣ ጾም ነው!» አለች ወደ አጥሩ።

«አራስና ጾም አይተዋወቁም» አሉ መምሬ ጥበቡ ከወዲያ። «ይልቅ ቶሎ በዪ በሏት።»

ትርንጎ ቅሉን ከፈተችና ከገንፎው መሃል ላይ ጠርቀም አድርጋ አስቀመጠች፤ ከደብሬም ራስ ላይ ቀባቻት። እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ስላለብኝ እናገራለሁ፤ ቅሉ ሲከፈት የቅቤው ፊት ላይ የአንድ ጣት ጥርግ ያለ ምልክት ነበረበት። «አይጥ ነው» አለች ትርንጎ ማንም ሳይጠይቃት። «ከቤቴ ስወጣም ለእሷ ብዬ ነው የያዝኩት። ያልተወለደ ልጅ ግን አይወራለትም፤ ሟርት ይሆናል። ለዚህ ነው ስትስቁብኝ ዝም ያልኩት።»

ገንፎው ወረደላት። ሙቀቱ እስከ ጣቶቿ ደረሰ። እንደገና ለመጉረስ ማቅማማቷን ስታይ ከኋላዋ ያቀፈቻት ሴት «ደብሬ፣ ጉረሺ እንጂ!» ብላ ቆጣ አለች። የሽመቤት ስሟን ከጠራች ሁለት ክረምት ሆኗታል። ደብሬ ጎረሰች፤ እንባዋም አብሮ ወረደ። ብዙ ሳይቆይ ወተቷ መጣ፤ ሕፃኗም ያዘችው። ፈንታ ልጁን ዘለቃሽ አላት።

ውኃው ጎደለ፤ ሰዉም ወደ ሜዳው ተመለሰ፤ ቤት ተሠራ፤ ሽምብራ ተዘራ። እስከዚህ ድረስ የተረቱ ደግ ደጉ ነው። ጣጣው የመጣው የዘለቃሽ ክርስትና ሲቃረብ ነው።

በዚያ አገር የክርስትና እናት ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ልጅቷ ሁለተኛ ቤቷ ያ ቤት ነው፤ ጥርሷ ሲወልቅ ወደዚያ ትሮጣለች፤ ስትዳር ሹሩባዋን የምትሠራላት የክርስትና እናቷ ናት፤ እሷ ስትሞት ደግሞ እንደ ልጅ ለቅሶ የምትቀመጥላት ልጅቷ ናት። አንጓች ልጅ የላትም። የሽመቤት ያሏት ወንዶች ብቻ ናቸው። ትርንጎ ማንም የላትም። ክርስትና የምታነሣው ደግሞ አንዲት ሴት ብቻ ናት። ሦስቱም አንድ ጠዋት ደብሬ በር ላይ ተገናኙ።

«እንጨትም፣ ዱቄትም፣ ቅቤም ነበረ» አለች አንጓች። «ያለ ጉልቻ ግን ድስቱ የት ይጣድ ነበር? የሁሉንም ሸክም የተሸከመው የኔ ድንጋይ ነው። ለእሱም ብዬ በጎርፍ የተጎተትኩት እኔ ነኝ።»

«ተጎተትሽ እንጂ ምን አጣሽ?» አለች የሽመቤት። «ድንጋይሽ ዛሬም ምድጃሽ ላይ ነው። እኔ ያዳንኩትን ዕቃ ራሴ ፈለጥኩት፤ ያውም ሰላም ለማልላት ሴት። ሂዱና በሬን እዩት፤ ሰሌን ነው የተንጠለጠለበት።»

«የተኳረፉትን መርዳት ጽድቅ ነው» አለች ትርንጎ። «ጽድቅሽን አግኝተሻል፤ ልጅቷን ለኛ ተዪልን። ሁለታችሁም የያዛችሁትን የያዛችሁት ለራሳችሁ ነው፤ አጋጣሚ ሆነና በጀ። እኔ ግን ከደጃፌ ስወጣ ጀምሮ ያሰብኩት ለእሷ ነው። ሳቃችሁንም ለእሷ ብዬ ነው የዋጥኩት።»

«ልጅቷ ከተወለደች በኋላማ ‹አስቤላት ነበር› ማለት ለሁላችንም ቀላል ነው» አለች አንጓች። «ያ የጣት ምልክትስ?»

«አይጥ ነው አልኳችሁ!»

«አይጧ ቀለበት ነበራት» አለች የሽመቤት፤ ሦስቱም የትርንጎን ጣት አዩ። መጀመሪያ የሳቀችው ራሷ ትርንጎ ናት። «ብቀምሰውስ? መበላሸት አለመበላሸቱን የማያይ ማነው?» አለች። እየሳቁ ገቡ፤ እየሳቁም ተጣሉ።

ሰፈሩም ተከፈለ። ባዬ ለአንጓች ወገነ፤ በታንኳው ጭራ የጎተታትን ሴት እንዴት ይርሳ? ሚስቱ ለየሽመቤት ወገነች፤ ለሁለት ቀንም ምሳ ነፈገችው። መምሬ ጥበቡን ቢጠይቋቸው «ቀኖናው ስለ ጉልቻም ስለ ቅቤም ያለው ነገር የለም፤ አንዲት ሴት አምጡልኝ፤ እኔ ማጥመቅ ነው ሥራዬ» አሉ። ፈንታ ደግሞ ራሱን እያከከ «ሦስት መንታ ብትወልጂ ኖሮ ይኼ ሁሉ ባልመጣ» አላት ሚስቱን። «ሦስት መንታ ብወልድ ኖሮ ታንኳው ገና ደጃችን ላይ ሰጥሞ ነበር» አለችው ደብሬ።

እሷ ግን እንደነሱ አልቀለላትም። ጠዋት በሯን ስትከፍት ፊት ለፊቷ ያ ሰሌን በነፋስ ይወዛወዛል፤ የሽመቤት ስለሱ አንድም ቀን አላነሣችባትም፤ ያ ነው ይበልጥ የሚከብዳት። ቀን ላይ አንጓች መጥታ ሕፃኗን ትታቀፍና ስትሄድ እጆቿ ባዶ መሆናቸውን ለማስረሳት ነጠላዋን ታጥፋለች። አመሻሹ ላይ ትርንጎ እያነከሰች ትመጣለች፤ እሷ እንደ ሁለቱ ብዙ ጊዜ እንደሌላት ደብሬ ታውቃለች። ደብሬ ለሦስቱም ነፍሷ ውስጥ ቦታ ነበራት። የሌላት ሦስት ልጅ ነው። አንዷን ስትመርጥ ሁለቱን «ያን ቀን ያደረጋችሁት ያንሳል» እንደማለት ነው፤ እንዲህ ከማለት ደግሞ ጎርፉ ተመልሶ ቢመጣ ትመርጣለች።

ቀኑ ደረሰ። ደብሩ ያው የአምባው ደብር ነው፤ ዘለቃሽ የተወለደችበት ቋጥኝ ዳር፣ ከአጥሩ ውጪ፣ የፈነዳው ድንጋይ ስብርባሪ ዛሬም ይታያል። ሰዉ ሁሉ ነጭ ለብሶ ቆመ። አንጓች ያ ሳጥን ውስጥ ጥላው የሄደችው ቀሚስ በጭቃ ስለተበላ የተበደረችውን ለብሳለች። የሽመቤት መዳፏ ላይ ሳንቃውን ስትፈልጥ መጥረቢያው የተወባት ጠባሳ ገና አልጠፋም። ትርንጎ ጣቷ ላይ ያው ቀለበቷ አለ።

መምሬ ጥበቡ ሕፃኗን ከውኃው ውስጥ አወጧት፤ የጎርፍ ልጅ ናትና አላለቀሰችም። እየተንጠባጠበች በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው ያዟትና ወደ ደብሬ ዞሩ።

«ከውኃ የሚቀበላት ማነው?»

ሦስቱም እጃቸውን ዘረጉ። ደብሬ ስድስቱን እጆች አየች። ሁሉም ልጇን አንድ ጊዜ ከውኃ ተቀብለዋታል። አንደኛዋ ያደረገችው በሌላ ነገር የሚተካ አልነበረም፤ ሁለተኛዋ የሰጠችው ተመልሶ የማይገኝ ነበር፤ ሦስተኛዋ ከሁሉ በፊት ያሰበችላት ነበረች፤ ካሰበች። ሕፃኗ ብርድ ይዟት መንፈራገጥ ጀመረች። መምሬ ጥበቡም «ልጄ፣ ማን ትቀበላት በይ፤ ቀዘቀዘችኮ» አሏት።

ደብሬ ስም ልትጠራ አፏን ከፈተች።

እኔ እዚህ ላይ አቆማለሁ፤ ከዚህ በኋላ ያለው የናንተ ነው። አንዳችሁም በዝምታ አትለፉኝ፤ ልጅቷ በርዷታል። በደብሬ ቦታ ብትሆኑ የማንን ስም ትጠሩ ነበር፤ የባለ ጉልቻዋን፣ የባለ መዝጊያዋን ወይስ የባለ ቅቤዋን?